«ደበረኝ» ያለውን ተማሪ መስማት



በዚህ እትም የምንመለከተው በቁምስናዎቻችን ከሹክሹክታ ባለፈ እምብዛም የማይነሣውን የወጣቶች የአእምሮ ጤና ጉዳይ ነው። ለትምህርታችን መነሻ ያደረግነውም በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ቤታቸው የተመለሱት ተማሪዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባ በቂርቆስና በካዛንቺስ ይኖሩ የነበሩት፣ ያሳለፏቸውን ወራት ነው። ዘመኑ አልፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የዓለም አቀፉ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። በዚያን ጊዜ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የነበሩት ዛሬ ሥራ የያዙ፣ ትዳር የመሠረቱ፣ አንዳንዶቹም በሰንበት ሕፃናትን የሚያስተምሩ ሆነዋል። ከእነርሱ ጋር ስንጨዋወት ግን በሽታውን እምብዛም አያነሡም። የሚያነሡት እንቅልፍ አጥተው ያደሩባቸውን ሌሊቶችና የሆኑትን ነገር ለማን መናገር እንደነበረባቸው አለማወቃቸውን ነው። ቤተሰብ አጠገባቸው ነበረ፤ ጎረቤትም ነበረ፤ የሚሰማ ግን አላገኙም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ዳግመኛ እንዳይሆንስ ምን ማወቅ ይገባናል?

ከግቢ ወደ ግቢ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው ዐርብ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት ባሉበት እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ እነርሱም ወደየቤተሰቦቻቸው ተሸኙ፤ ባዶ የቀሩት መኝታ ቤቶችም በብዙ ስፍራ ለለይቶ ማቆያነት ዋሉ። መጋቢት 27 ቀን በበሽታው የሞተ ሰው መኖሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወራት የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት የሚበልጡ ሰዎች በአንድነት መሰብሰብ፣ ለሰላምታ እጅ መጨባበጥ እንኳ ተከለከለ። በሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል አብዛኛው ምእመን በቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን ተከታተለው።

ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በልቡ የያዘው የጥቂት ሳምንታት ዕረፍትን ነበር፤ ሳምንታቱ ግን ወራት ሆኑ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ትምህርቱ በኢንተርኔት እንዲቀጥል ተሞከረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ በቴሌግራም ከሚላክላቸው ማንበቢያ በቀር ይህ ነው የሚባል ትምህርት አልነበራቸውም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን ከተገደለ በኋላ ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ስለተቋረጠ ያ ቀጭን ገመድም ተበጠሰ። ወደ ዩኒቨርሲቲ መመለስ የተጀመረው በ2013 ዓ.ም. ሲሆን ተመራቂዎች ቀድመው ተጠሩ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በሰሜን ጦርነት በመቀስቀሱ ልጆቻቸው ወደዚያ የተመደቡባቸው ወላጆች በሌላ ጭንቀት ላይ ወደቁ።

ተማሪዎቻችን ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ይሉታል። ሰፈርተኛውም በአንድ በር ገብቶ ቧንቧና መጸዳጃ የሚጋራበትን የቤቶች ስብስብ እንዲሁ ግቢ ይለዋል። እንግዲህ ተማሪው የተመለሰው ከግቢ ወደ ግቢ ነው። ልዩነቱን ያላስተዋለ ሰው የተማሪውን ሕመም ሊያስተውል አይችልም።

ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ»፣ የመጣ ነው፤ ካዜ ማለት ቤቶች ማለት ነውና ሰፈሩ በስሙ እንኳ ስለ ቤት ይናገራል። ይሁንና ወረርሽኙ በደረሰበት ጊዜ በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉት መንደሮች ብዙው ሕዝብ ይኖር የነበረው ከ1967ቱ አዋጅ በኋላ በቀበሌ ሥር በሆኑ ጠባብ የጭቃና የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ነበር። እናት እንጀራ የምትጋግርበት፣ ታናናሾች የሚንጫጩበት፣ ቴሌቪዥን የሚከፈትበትና ሁሉም የሚተኛበት ክፍል ብዙ ጊዜ አንድና ያው ነበር። በደጉ ጊዜ ይህ ቤት አይጠብም፤ አባት ወደ ሥራ፣ ልጆች ወደ ትምህርት፣ እናት ወደ ጉሊት ስለሚወጡ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ይተነፍሳልና። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ትእዛዝ ሲመጣ ግን ስድስትና ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል፣ ሌሊትና ቀን ታጨቀ።

ሌላም ነገር ነበረ። ካዛንቺስ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ተጎራብታ በስብሰባና በእንግዳ የምትኖር የሆቴል ሰፈር ነበረች። ስብሰባው ሲቀር ሆቴሉ ባዶ ሆነ፤ አስተናጋጁ፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ጥበቃው፣ ባለ ታክሲው፣ በሆቴሉ ደጅ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጠው ልጅ ሁሉ ገቢ አጣ። በዩኒቨርሲቲ ካፌ ሦስት ጊዜ ይመገብ የነበረ ወጣት በድንገት ከወላጆቹ መሶብ ፊት ቀረበ። ማንም ክፉ ሳይናገረው ራሱን እንደ ትርፍ አፍ ይቆጥር ጀመር። «ስበላ እናቴን ዐያለሁ፤ እርሷ ሳትበላ ስትቀር ይገባኛል» ያለንን ተማሪ እናስታውሳለን። ይህን የመሰለው ሐሳብ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ የሚሄድ አይደለም።

ለምን ቀን ይተኛሉ?

በዚያን ጊዜ ከወላጆች ዘንድ በብዛት ይሰማ የነበረው አቤቱታ «ልጄ ሰነፈ» የሚል ነበር። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ስልኩን ሲነካካ ያድራል፣ ሲጠሩት አይሰማም፣ ሲሰማም ይቆጣል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ግን ምክንያቱ ግልጥ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ጸጥታ የሚገኘው ሌሊት ብቻ ነው። ማንበብ የሚፈልገው፣ ከጓደኛው ጋር መጻጻፍ የሚፈልገው፣ ብቻውን ማልቀስ የሚፈልገውም ሌሎች እስኪተኙ ይጠብቃል። ሰውነታችን ደግሞ የእንቅልፍና የንቃት ሰዓቱን የሚያስተካክለው በጠዋት ብርሃን ነው። የጠዋቱን ብርሃን ያላየና እስከ ንጋት የስልክ ብርሃን ሲመለከት ያደረ ሰው ሰዓቱ ይዛባበታል፤ እንቅልፉ የተዛባበት ሰው ደግሞ ስሜቱ ይናጋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣዋል። ቤተሰቡ ስንፍና ያለው የሕመሙ መጀመሪያ ነበር። ተግሣጹ ሲበረታ ተማሪው ይበልጥ ወደ ሌሊቱ ይሸሻል፤ ወደ ሌሊቱ በሸሸ ቁጥርም ተግሣጹ ይበረታል።

የሴቶች ልጆች ነገር ከዚህ ይለያል። እነርሱ ቀን አልተኙም፤ የሚያስተኛቸውም አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትባል የነበረችው ልጅ ቤት በደረሰች ማግስት ውኃ ቀጂ፣ ጋጋሪ፣ ታናናሾቿን ጠባቂ ሆነች። መጽሐፏ ከሻንጣ አልወጣም። ይህን ማንም እንደ ችግር አልቆጠረውም፤ እንዲያውም «ጎበዝ ልጅ» ተብላ ተመሰገነች። ውስጧ የተሰበረውን ለመናገር ቃል ያጣችውም ስለ ተመሰገነች ጭምር ነው። በቤት ውስጥ ዛቻና ጥቃት የደረሰባቸውም ነበሩ፤ ለእነርሱ «ቤት ቆዩ» የሚለው ቃል ከበሽታው የከፋ ነበር።

ወንዶቹ ከዚህ ሁሉ የሚሸሹበት ሌላ በር ነበራቸው፤ እርሱም ጫትና መጠጥ ነው። ጫት ለጥቂት ሰዓት ያነቃል፤ እንቅልፍን ግን ፈጽሞ ይነሣል። ሲለቅም ድብርቱ በእጥፍ ይመለሳል። በወቅቱ በየጥጉ ተሰብስበው የነበሩትን ወጣቶች በመንገዳችን ሁሉ እናይ ስለነበር ይህን ማስረዘም አያሻንም።

ስለ አንድ ቃል

የቋንቋችንን ነገር እዚህ ላይ ማንሣት ግድ ነው። ሐኪሞች በአማርኛ «ድብርት» የሚሉት ሕመም «ደበረኝ» ከሚለው የዕለት ቃል የወጣ ነው። ይህን ቃል ደግሞ ወጣቱ ለሁሉ ነገር ይጠቀምበታል፤ ፊልሙ ይደብራል፣ ዝናቡ ይደብራል፣ ሰውዬው ይደብራል። ስለዚህ አንድ ተማሪ እናቱን «እማዬ፣ ደብሮኛል» ሲላት እርሷ የምትሰማው ሥራ መፍታትን ነው። «ወጣ በልና ንፋስ ተቀበል፣ የኔ ልጅ» ትለዋለች፤ ወይም የሚያደርገው ሥራ ትሰጠዋለች። እርሱ ሊነግራት የፈለገው ግን መኖር እንደ ከበደው ሊሆን ይችላል። «ጨነቀኝ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንግዳ መጥቶ ቡና ያነሣትም ሴት ጨነቀኝ ትላለች፤ ልቡ ያለ ምክንያት እየመታ ሞቴ ደረሰ ብሎ የሚያስበውም ጨነቀኝ ይላል። ቃሉ አንድ፣ ሕመሙ ግን ብዙ ስለ ሆነ ሰሚው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ውጥረት ማለት ከአቅም በላይ የሆነ ሸክም ሲመጣ ሰውነትና አእምሮ የሚሰጡት ምላሽ ነው፤ ፈተና ሲደርስ ይመጣል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይሄዳል። ጭንቀት በሕክምናው አነጋገር ፍርሃቱ ከምክንያቱ ሲበልጥ ወይም ምክንያቱ ካለፈም በኋላ ሳይለቅ ሲቀር ነው፤ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይታወካል፣ እጅ ያልበዋል፣ አእምሮ ከአንድ ሐሳብ አልላቀቅ ይላል። ድብርት ደግሞ ሰው ደስ ይለው በነበረው ነገር ደስ መሰኘትን ሲያጣ፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ሲለወጥ፣ ያለ ጥፋቱ ራሱን ሲኮንን፣ ይህም ሁሉ ቀኑን አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ ነው። መምህራን ሆይ፣ ይህን የሁለት ሳምንት ልክ በቃላችሁ ያዙት። አንድ ቀን ማዘን የሰው ልጅ ወግ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይነሡ መሰንበት ግን ሐኪም የሚያሻው ምልክት ነው።

በዚያን ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ይህ የጥቂቶች ጉዳይ እንዳልነበረ ያሳያሉ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በቤንች ሸኮ ዞን በነበሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ከመቶ 21 ያህሉ የድብርት፣ 28 ያህሉ የጭንቀት፣ ከ32 የሚበልጡት የውጥረት ምልክት እንደ ነበረባቸው ገልጧል። በወረርሽኙ መጀመሪያ ላይ ከተማሪዎች በኢንተርኔት መልስ የሰበሰበ ሌላ ጥናት ደግሞ ድብርትን 46፣ ጭንቀትን 52፣ ውጥረትን 29 ከመቶ ገደማ አድርሶታል። ሁለቱ መራራቃቸው ሊያደናግረን አይገባም። በስልኩ ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ሌላውን ሁሉ አይወክልም፤ መጠይቅም ምልክትን ይለያል እንጂ የሐኪምን ምርመራ አይተካም። ዝቅተኛውን ቁጥር ብንወስድ እንኳ ከአምስት ተማሪዎች አንዱ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድብርት በዓለም ዙሪያ በ25 ከመቶ መጨመሩን፣ ይበልጥ የተጎዱትም ወጣቶችና ሴቶች መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አስታውቋል።

አዲስ አበባ ወረርሽኝ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን መትቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ጉድፍ አቃጥለን ሰፈሩን የምናጥነው የዚያ መታሰቢያ ነው። አባቶቻችን የሞቱትን ቆጠሩ፣ ደጃቸውንም አጠኑ። በሕይወት የተረፉት በልባቸው ይዘውት ስለ ኖሩት ነገር ግን የተረፈን እምብዛም የለም። የ2012ቱን እንዲያ ሆኖ እንዳይቀር የምንጽፈው ስለዚህ ጭምር ነው።

ያጡት ምን ነበር?

ተማሪዎቹን ይበልጥ የጎዳቸው በሽታውን መፍራት ነው ብለን እንዳናስብ። ፍርሃቱ ነበረ፤ በተለይ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸውን ወላጆቻቸውን «እኔ ከውጭ ይዤባቸው ልግባ ይሆን?» እያሉ የሚሠቀቁ ብዙዎች ነበሩ። ከዚህ የከፋው ግን ጊዜ ቅርጹን ማጣቱ ነው። ተማሪ ቀኑን የሚቆጥረው በክፍለ ጊዜ፣ በፈተና፣ በሴሚስተር፣ በምረቃ ነው። እነዚህ ምሰሶዎች በአንድ ጊዜ ሲነቀሉ ሰኞና ሐሙስ አንድ ሆኑ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መመረቅ የነበረበት ልጅ ተመራቂም ተማሪም አልነበረም፤ ሥራ ፈላጊ እንዳይባል ዲግሪ የለውም፣ ተማሪ እንዳይባል ክፍል የለውም። ሰፈሩ ደግሞ ባገኘው ቁጥር «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ይለዋል። ጥያቄው የፍቅር ነው፤ የሚያቆስለው ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ያጡት ነገር ለቅሶ ነው። በእኛ አገር ሐዘን የሚወጣው በድንኳን ነው፤ እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ቀቅሎ ይመጣል፣ ዘመድ ሦስት ቀን አብሮ ያድራል። በዚያ ወቅት አያቱን ወይም አባቱን ያጣ ተማሪ ይህን ሁሉ አላገኘም። ቀብሩ በጥቂት ሰው፣ በሩቅ ቆሞ፣ በችኮላ ተፈጸመ። ያልተለቀሰ ሐዘን ከሰው ልብ አይወጣም፤ ዓመታት ቆይቶ በሌላ መልክ፣ በቁጣም ይሁን በመጠጥ ወይም ሰው በመጥላት ይገለጣል። ከዚያ ዘመን ወጣቶች መካከል ዛሬም ያለ ምክንያት የሚቆጣ ካያችሁ በዚያን ጊዜ ማንን እንደ ቀበረ ጠይቁት።

ሕክምናውም በዚያን ጊዜ ጠብቦ ነበር። የአእምሮ ሕክምና ይሰጥበት የነበረው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ሕሙማን የመጀመሪያው ማእከል ሆነ። የአማኑኤል ሆስፒታል ሥራውን ቢቀጥልም ብዙ ቤተሰብ በበሽታው ፍርሃት፣ ከዚያም በላይ «አማኑኤል ሄደ» እንዳይባል በማፈር፣ ልጁን ቤት አስቀረ።

ምን አቆማቸው?

ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ያን ወቅት ተሻግረዋል፤ እንዴት እንደ ተሻገሩት ማወቅ ለወደፊቱ ስንቅ ነው። የነገሩንን ስንሰበስብ ታላላቅ ነገሮች አላገኘንም። አንዱ ሌሊት ቢያነብም ቢያመሽም በ12 ሰዓት ተነሥቶ እስከ መስቀል አደባባይ መራመድን ሕግ አደረገ። አንዲቱ ከእናቷ ጋር ተነጋግራ ከምሳ በኋላ ያሉትን ሁለት ሰዓታት «የኔ ናቸው» አለች፤ በእነዚያ ሰዓታት ማንም አይልካትም፤ እርሷም በግቢው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታነባለች። ሌሎች በታክሲ ሰልፍ አጠገብ እጅ የሚያስታጥቡ በጎ ፈቃደኞች ሆኑ፤ ወይም ማዕድ ማጋራት በተባለው ዘመቻ ዱቄትና ዘይት ለአቅመ ደካሞች አደረሱ። የመጨረሻዎቹ ከሁሉ የተሻሉ ሆነው ታይተውናል። ራሱን እንደ ትርፍ አፍ ይቆጥር የነበረ ወጣት ለሌላው የሚተርፍ እጅ እንዳለው ሲያይ የሚሰማው ነገር ከምክር ይበልጣልና።

ዜናውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለመስማት የወሰኑም ነበሩ። በየሰዓቱ የሟቾችን ቁጥር መከታተል የሚያሳውቅ ቢመስልም የሚያደርገው ፍርሃትን መመገብ ነው።

እምነትን በተመለከተ አንድ ነገር መናገር ይኖርብናል። ጸሎት ብዙዎችን ደግፏል፤ ይህን ራሳቸው መስክረዋል። ነገር ግን «እምነት ቢኖርህ አትደበርም ነበር» የሚል ቃል የተነገራቸውም አሉ፤ ይህ ቃል በቆሰለ ላይ ድንጋይ መጣል ነው። በመጀመሪያው መጽሐፈ ነገሥት ምዕራፍ 19 ያለውን የነቢዩ ኤልያስን ታሪክ በማስተዋል እናንብብ። ታላቁ ነቢይ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ለመነ። የተላከለት መልአክ አልገሠጸውም፣ ስለ እምነትም አላስተማረውም። አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ዳግመኛ ቀስቅሶ መገበው። የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ብዙ መንገድ ከሄደም በኋላ ነው። ልጆቹን ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ አይነቀፍ፤ ጸበልም መድኃኒትም በአንድነት መሄድ ይችላሉ። የሚጎዳው በሐኪም የታዘዘውን መድኃኒት ማስጣል ነው።

የመምህሩ ድርሻ

«እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ምን ልናደርግ እንችላለን?» የሚል ጥያቄ ከመምህራን ይነሣል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ ምባሬ በሚባል ሰፈር፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. 14 አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ደጅ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ለሚመጣው ሰው አያቶቹ የሚያደርጉት ቀላል ነው፤ ያዳምጡታል፣ ከብዙ ችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ ይረዱታል፣ ለዚያ አንድ ችግር በዚህ ሳምንት ሊወሰድ የሚችል አንድ ትንሽ እርምጃ አብረውት ይፈልጋሉ፤ ከዚያም ተመልሶ እንዲመጣ ይቀጥሩታል። ከ10 ዓመት በኋላ የታተመ ጥናት ይህን አገልግሎት ያገኙት ሰዎች ከ6 ወር በኋላ ምልክታቸው ካላገኙት ይልቅ በእጅጉ እንደ ቀነሰ አረጋግጧል። የዚያ አገር ሰዎች ሕመሙን በቋንቋቸው «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛ እናቶችም «ሐሳብ ገደለው» ይላሉ። የእኛ ሰፈር እናቶችና አያቶች ከምባሬዎቹ የሚያንሱበት ነገር የለም።

እንግዲህ ከተማሪ ጋር ስትቀመጡ በምክር አትጀምሩ። «ምን ሆነሃል?» የሚለው ጥያቄም ብዙ ጊዜ «ምንም» የሚል መልስ ነው የሚያመጣው። ስለ እንቅልፉ ብትጠይቁት ግን ይናገራል፤ እንቅልፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለምና። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስትነቃስ ምን ታስባለህ?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ቢረዝም አትሙሉት። የሌላውን ልጅ ምሳሌ አታምጡ፤ «እገሌ ግን ተቋቁሞታል» ማለት በሩን መዝጋት ነው። የነገራችሁንም ለእናቱ እንኳ ሳያስፈቅዱ አትንገሩ፤ በአንድ ግቢ ውስጥ የተነገረ ነገር እስከ ማታ ሰፈሩን እንደሚዞር ታውቃላችሁ።

ከዚህ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን ነው። ተማሪው «ብተኛና ባልነቃ»፣ «ያለ እኔ ይሻላችኋል» ቢል፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ቢያድል፣ ወይም ከረጅም መታወክ በኋላ በድንገት ያለ ምክንያት ቢረጋጋ፣ በግልጥ ጠይቁት። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በልቡ አይተክልም፤ ብዙዎች የሚመሰክሩት ጥያቄው ሸክም እንዳቀለለላቸው ነው። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተው፤ መድኃኒትና መርዝነት ያላቸው ነገሮች ከቤት ይራቁ፤ በዚያኑ ቀን ከሚያምነው ሰው ጋር ወደ ሐኪም ይወሰድ። በዚህ ጊዜ ምስጢር መጠበቅ ሕይወቱን ከመጠበቅ አይቀድምም፤ ይህንም ለራሱ በፍቅር ንገሩት። ነገሩ ደርሶ ልጅ ያጣ ቤተሰብ ካለም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2282 እና 2283 ከባድ የአእምሮ መታወክ የሰውን ኃላፊነት እንደሚቀንስ፣ ስለ እነዚህ ሰዎች ዘለዓለማዊ ድኅነትም ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ እንደሚያስተምር ለወላጆቹ ሊነገራቸው ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ትጸልይላቸዋለች። በጎረቤት ሐሜት የሚሰቃይ ወላጅ ይህን ከካህን ወይም ከመምህር አፍ መስማት አለበት።

ሕክምናው በአማኑኤል ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በዘውዲቱ መታሰቢያና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ከዚያ በፊትም በአቅራቢያ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ሊታይበትና ወረቀት ሊጻፍለት ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቤተሰብን የሚያስቸግረው ቦታውን አለማወቅ ሳይሆን ብቻውን መሄድ ነው። አብሯችሁ ሂዱ፤ ወረፋውንም አብራችሁ ጠብቁ።

በመጨረሻ ስለ ሰፈሩ። በ2012 ዓ.ም. ጠባብ የነበረው የካዛንቺስ ግቢ ችግር ብቻ አልነበረም፤ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ያልወጣውን ልጅ የሚያስተውል ጎረቤትም ነበረበት። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ መንደሮች ተዛውረዋል። የተሻለ ቤት ያገኙ አሉ፤ እድራቸው ግን ተበትኗል። ቁምስናውን ሳይለቁ በሁለትና በሦስት ታክሲ እየመጡ የሚያስቀድሱ ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን። ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ሩብ ዓመት አንድ መዝገብ እንዲያዘጋጁ እንጠይቃለን፤ በዩኒቨርሲቲ ያሉት የቁምስናው ልጆች ስም፣ የተመደቡበት ቦታ፣ ስልካቸው፣ ቤተሰቡ አሁን የሚኖርበት ሰፈር ይጻፍበት። ለእያንዳንዱ ተማሪም ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው ይመደብለት፤ ይህ ሰው በሴሚስተሩ መካከል አንድ ጊዜ፣ ተማሪው ለዕረፍት በተመለሰበት ሳምንት ደግሞ ሌላ ጊዜ ይደውልለት። የሚደውለው ሰው ካህን ወይም መምህር መሆን የለበትም፤ ከቀድሞው ግቢ አብረዋቸው ቡና ይጠጡ የነበሩ አንዲት እናት ቢሆኑ እንመርጣለን።